ስለ መኪና ጉልበትና ስለ ታማኝ ልክ

ሰው በሚሮጥ ነገር መደሰቱ ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። አባቶቻችን ፈረስ ሲገዙ ጥርሱን አይተው፥ ኮቴውን አንሥተው ከመረመሩ በኋላ፥ በመጨረሻ ሜዳ አውጥተው ሽምጥ ያስጋልቡት ነበር። ከዚያ ወዲያ የሻጩ ምስጋና ዋጋ አልነበረውም፤ ሜዳው ራሱ ይመሰክራልና። ዛሬ በፈረሱ ፋንታ መኪና መጣ፤ ወሬው በረከተ፥ ሜዳው ግን ቀረ። እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ተሰብስበው የሚጫወቱትን ወጣቶች ያዳመጠ ሰው፥ «የእኔ መኪና ቱርቦው ከተስተካከለ ወዲህ ክንፍ አወጣ» የሚል ቃል ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይመለስም። ክንፉ ስንት ክንድ ነው? በምንስ ተለካ? ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፥ ኋላም ጡረታ እስክወጣ ድረስ 34 ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በልጅነታችን ሂሳብ ያስተማረን መምህር፥ መልሱን ጽፈን መለኪያውን የረሳን እንደ ሆነ ደብተራችንን ሳያርም ይመልስልን ነበር። «አምስት ምን? አምስት በግ ነው ወይስ አምስት ሜትር?» እያለ ክፍሉን ሁሉ ያስቀን ነበር። በጊዜው ጨካኝ ይመስለን ነበር።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ በቀላል ቃል ልንገርህ። ሞተር የሚሠራው ነዳጅንና አየርን አብሮ በማቃጠል ነው። ነዳጁን መጨመር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው አየሩን መጨመር ነው። ከሞተሩ ተቃጥሎ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በማርሚታው በኩል በከንቱ ሲባክን ይኖራል። በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ መዘውር ቢያስቀምጡለት ግን እርሷን ያሽከረክራታል፤ እርሷም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን ሁለተኛይቱን መዘውር ታዞራለች፤ ሁለተኛይቱም የውጭውን አየር እየሳበችና እየጨመቀች ወደ ሞተሩ ታስገባለች። ብልሃቱ ይኸው ነው። በትንንሽ መኪኖች ላይ ያለችው መዘውር በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ትዞራለች። አልፍሬድ ቢዩኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ለዚህ ሐሳብ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለሕዝብ በሚሸጥ አውቶሞቢል ላይ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌ ኮርቬር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መኪኖች ይዘውት በወጡ ጊዜ ነው። ስመ ጥሩው የስፖርት መኪና ፖርሽ 911 ቱርቦ ከዚያ 12 ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ። እኛን ከቱርቦ ጋር ያላመደን ግን የስፖርት መኪና ሳይሆን የናፍታ መኪና፥ ማለት አይሱዙውና ፒክአፑ ነው።

ቱርቦ ለእኛ አገር ከብዙ አገር ይልቅ ይጠቅማል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን የሳሳ አየር እየተነፈሰ ዳገት ሲወጣ እንደ አስም ታማሚ ያቃስታል። ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ወደ ደጋ የሚወጣ ሾፌር ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከነዳጅ መስጫው ላይ ካለው እግሩ ተምሮታል።

ይህን በቁጥር ያሳየው ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ፥ ፓይክስ ፒክ ወደሚባል 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ተራራ ጫፍ ወጣ። ተራራው ከእኛ ራስ ዳሽን ጥቂት ያንሳል። ሞተሩ በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በተራራው ጫፍ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ያው ሞተር፥ ያው ተራራ፥ አንድ ጊዜ ያለ ቱርቦ፥ አንድ ጊዜ ከቱርቦ ጋር። ይህን ሰው የማደንቀው ከፈጠራው ይልቅ ሞተሩን ተሸክሞ ተራራ ስለ መውጣቱ ነው።

አሁን ወደ መለካቱ እንምጣ። ፍጥነት ሌላ፥ ፍጥንጥነት ሌላ ነው። ፍጥነት መኪናው በዚህች ሰዓት ምን ያህል እንደሚሮጥ ይናገራል፤ ፍጥንጥነት ግን ሩጫው በየሰከንዱ በምን ያህል እንደሚያድግ ይናገራል። ከቁም ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 10 ሰከንድ የሚፈጅበት መኪና፥ በየሰከንዱ በአማካይ 2.8 ሜትር በሰከንድ ያህል ፍጥነት ይጨምራል። 9 ሰከንድ ቢፈጅበት ጭማሪው 3.1 ይሆናል። ጋሊሌዮ ይህን ነገር ሲመረምር ኳስ በተዳፋት ሳንቃ ላይ ያንከባልል ነበር፤ የእጅ ሰዓት ስላልነበረው ከዕቃ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ በጽዋ ተቀብሎ፥ ውሃውን በሚዛን እየመዘነ ጊዜውን ያውቅ ነበር። እኛ ዛሬ በኪሳችን ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር ስልክ ይዘን እንዋሻለን።

ውሸቱ የሚገባው ደግሞ በቁጥሩ በኩል ሳይሆን በሁኔታው በኩል ነው። በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ መንገድ ለዓይን ሜዳ ይመስላል፤ ነገር ግን በየሰከንዱ 2 ሜትር በሰከንድ ለሚጨምር መኪና ይህች ቁልቁለት 5 በመቶ ያህል ጉልበት በነጻ ትሰጠዋለች። ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ከመኪናው ቢወርዱ ሌላ ጥቂት በመቶ ይገኛል። በማለዳ 15 ዲግሪ የነበረው አየር ከቀትር በኋላ 30 ሲሆን 5 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከሁሉ የሚረቀው የጎማ ነገር ነው፤ ቁመቱ ያነሰ ጎማ ሲገጠም ቸርኬው ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር፥ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጥነት መቁጠሪያ ካለው በላይ ያነባል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወገን ከተደረደሩ አንድም ብሎን ሳይነካ መኪና «ይፈጥናል»።

በአበበ ቢቂላ ላይ እንኳ ይህን ጥንቃቄ ልናደርግ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፤ በ1964 በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ሦስት ደቂቃ አሻሻለ ማለት ትክክል ነው። ነገር ግን በሮም በባዶ እግሩ፥ ማታ በችቦ ብርሃን፥ በቶኪዮ ደግሞ ጫማ አድርጎ፥ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ነው የሮጠው። ሦስቱ ደቂቃ ከእግሩ ይሁን ከጫማው ወይስ ከመንገዱ፥ ሰዓቱ ብቻውን አይነግረንም።

ባለፈው ዓመት በከተማችን እንዲህ ያለ ክርክር ገጠመን። የራሱን ትንሽ ጋራዥ የከፈተ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት፥ የአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ጉልበቱ እንዲጨምር በ60,000 ብር ተዋውሎ ግማሹን ተቀበለ። የሞተሩን ኮምፒውተር ትእዛዝ ለውጦ የቱርቦውን ግፊትና የናፍታውን መጠን ከፍ አደረገ። ተስፋ የሰጠው፥ መኪናው ከቁም ተነሥቶ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጅበት 14 ሰከንድ ወደ 10 ይወርዳል ብሎ ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስም ይህንኑ ለክቼ አግኝቻለሁ አለ። ነጋዴው ግን «ጭሱ ጨመረ እንጂ ጉልበቱ አልጨመረም» ብለው የቀረውን 30,000 ብር አልከፍልም አሉ፤ የከፈሉትንም እንዲመልስ ጠየቁ። ወጣቱ የሁለት ወር የጋራዥ ኪራይ ነበረበት፤ ባለቤቱም በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ብሎታል። ሚስቱ አራስ ነበረች። ነገሩ ወደ ሽማግሌ መጣ፤ እኔም ሦስተኛ ሽማግሌ ሆኜ ተጠራሁ።

ከመለካቱ በፊት በነበረው ምሽት ወጣቱ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ቤቴ መጣ። ጥቂት ተጫውቶ፥ «መምህር፥ እርስዎ ያውቁኛል» አለ። «ማለዳ ሲቀዘቅዝ፥ ናፍታው ሳይሞላ፥ እኔ ብቻዬን ሆኜ፥ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብንለካው ምን ይመስልዎታል?»

«ልጄ፥ ቡናውን ለአራሷ ውሰድላት» አልሁት። «ነገ የድሮውንም የአዲሱንም የኮምፒውተር ትእዛዝ ይዘህልኝ ና።»

ምንም ሳይመልስ ወጣ። ይህ ልጅ የተማሪ ቤታችን ጄነሬተር በቆመ ጊዜ ዘይት በዘይት ሆኖ ያስነሣልን ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ ብል ሐሰት ነው።

በማግስቱ፥ ለትራፊክ ገና ባልተከፈተ አንድ የአስፋልት መንገድ ላይ፥ ተቆጣጣሪውን አስፈቅደን ተሰበሰብን። ሕጉን እኔ አወጣሁ። ሾፌሩ አንድ ሰው ብቻ፥ ከአጠገቡም ጻፊ፤ ጎማውና ናፍታው አይነካም፤ ፍጥነቱን የሚናገረው ዳሽቦርዱ ሳይሆን የሳተላይቱ ስልክ ነው፤ በድሮው ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ወደዚህ ሦስት ጊዜ ወደዚያ፥ በአዲሱም እንዲሁ። አሥራ ሁለቱን ሩጫ ጽፈን አማካዩን አወጣን። በድሮው 12.4 ሰከንድ፥ በአዲሱ 11.3 ሰከንድ።

ነጋዴው ወዲያው «አራት ሰከንድ የት አለ!» አሉ። ወጣቱ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔም ከዚያው ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ነገሩን በቁጥር ፈታሁላቸው። 14ቱ የተለካው ሦስት ሰዎች ተጭነው ትንሽ ዳገት ላይ ነበር። 10ሩ የተለካው ሾፌሩ ብቻውን ሆኖ በዚያው መንገድ ቁልቁል፥ ያውም ነጋዴው ራሳቸው ባስገጠሙት ቁመተ አጭር ጎማ ምክንያት 80 በሚያነበው፥ እውነቱ ግን 76 ገደማ በነበረው ዳሽቦርድ ነው። የቀረው 1.1 ሰከንድ ግን የእጁ ሥራ ነው። አንድ አሥረኛ ያህል ፍጥንጥነት ጨምሯል፤ ይህ ደግሞ ዳገት ለሚወጣ ፒክአፕ ከንቱ ነገር አይደለም። «ጉልበቱ አልጨመረም» ያሉት ነጋዴም ስለዚህ ትክክል አልነበሩም፤ ይህንን በግልጽ ነገርኋቸው፥ ደስም አላላቸው።

ከመነሣታችን በፊት ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ እስኪ ይቁም አልሁ። የሚሮጥ ነገር የያዘው ኃይል እንደ ፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በ80 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው 1.8 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ኃይል ይዟል፤ ያንን ሁሉ የሚበላው ደግሞ ፍሬኑ ነው። አበበ ቢቂላ በእግሩ ዓለምን ካሸነፈ በኋላ መራመድ የተሳነው እ.ኤ.አ. በ1969 በቮልስዋገኑ በደረሰበት አደጋ መሆኑን በመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ነጋዴው ሳቅ ብለው «ፍሬኑን ማን ከሰሰው?» አሉ። ቢሆንም ሞከርነው። ፍሬኑ ደኅና የሆነ መኪና በደረቅ አስፋልት ከ60 ለመቆም 20 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ይህ 29 ሜትር ፈጀበት፥ ወደ ግራም ይስብ ነበር። ሳቁ ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ከቀረው ሂሳብ ግማሹ፥ ማለት 15,000 ብር፥ እንዲከፈልና የተከፈለውም እንዳይመለስ ፈረድን። ከእኛም ሁለታችን ወደ ጋራዡ ባለቤት ሄደን አንድ ወር እንዲታገሥ ለመንን፤ ታገሠም። ወጣቱ እጁን ሲዘረጋልኝ ፊቱ አልተፈታም ነበር፤ ሁለት ወር ያህልም በገበያ ሲያገኘኝ ከሩቅ ሰላም ብሎኝ ያልፍ ነበር። ነጋዴው 15,000 ብሩን ከሰጡት በኋላ ትንሽ አሰቡና፥ ከማይከፍሉት ከሌላው 15,000 ላይ ጥቂት ቈጥረው «በል የፍሬኑን ሸራ አንተው ቀይርልኝ» አሉት። ሸራው በማግስቱ ተቀየረ። እኔም ሜትሬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ 21 ሜትር ላይ ቆመ።