የልጅቷ ሰዓት

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከፋ ውስጥ ቡና የሚያለማው ልጄ ዘንድ ነበርኩ። እርሻው ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። መብራት የለም፤ ስልክም የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጆቼን ማስተማር የእኔ ሥራ ሆነ። ወንዱ የ10፣ ሴቷ የ8 ዓመት ልጆች ነበሩ።

መማሪያ አላጣንም። ለቡና ችግኝ ጉድጓድ ሲቆፈር ማባዛት ተማሩ፤ 6 መደዳ፣ በየመደዳው 8 ጉድጓድ፣ 48። በነርስነት ዘመኔ ለእናቶች የማሳየውንም አሳየኋቸው፤ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር። ጨው ቢበዛ እንደሚጎዳ ሲሰሙ «ግማሽ» ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገባቸው።

ያስቸገረው ሰዓቱን ማስከበር ነበር። ወንዱ ወደ ማሳ የሚጠራው ሐምሌ ላይ አረም ሲበረታ ነው። ልጅቷ ግን በየቀኑ ውሃ ቅጂ፣ ቤት ጥረጊ፣ ሕፃኑን ያዢ ስትባል ደብተሯ ሳይገለጥ ይመሻል።

«ልጄ፣ የእሷ ትምህርት ከሥራ ለተረፈ ሰዓት አይተውም» አልኩት።

«እማዬ፣ እጅ አነሰን እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ተነጋግረን ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ማንም እንዳይጠራቸው ተስማማን። ውሃ መቅዳቱንም ከወንድሟ ጋር በተራ አደረግነው።

ወላጆች፣ ልጅ ሥራ መልመዱ መልካም ነው። ትምህርቱ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ቀድሞ የሚወሰደው የሴት ልጅ ሰዓት ነውና፣ ጠብቁላት።