ዊትቢ ላይ ያገኘሁት ሙዳየ ምጽዋት

ከዮርክ ወደ ዊትቢ የሚወስደው አውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጓዛል። የእርሻው ማሳ ሲያልቅ ዛፍ ያልበቀለበት ሰፊ ደጋ ይጀምራል፤ በጎች ያለ እረኛ ይግጡበታል። መንዝ ጓሳን የሚያውቅ ሰው አገሩ የተመለሰ ይመስለዋል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና የሰሜን ባሕር ከነጭጋጉ ይገለጣል።

ዮርክ የሄድኩት ለአንድ ወር ሥልጠና ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን በሚያነሳ ትንሽ ድርጅት እሠራለሁ፤ የእኔ ድርሻ ለድርጅቱ ገቢ ማሰባሰብ ነው። በሥልጠናው ክፍል ስለ ገቢ ማሰባሰቢያ ስልት ብዙ ተነገረን። ልቤ ውስጥ የገባውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ቅዳሜ ዕለት፣ ለእረፍት በወረድኩባት በዚህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው።

ምሳዬን ልበላ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ከሚሸጥበት ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ላይ የጀልባ ቅርጽ ያለው ሳጥን ተቀምጧል። ከፊቴ የነበረው ወጣት መልሱን ተቀበለና ሳይቆጥር ሳጥኑ ውስጥ ጨመረው። ማንም ዞሮ አላየውም፤ እሱም እንዲታይለት አልፈለገም። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሙዳየ ምጽዋት ትዝ አለኝ። እዚያም ሰው ተሳልሞ፣ ያለውን ጨምሮ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሳጥኑ በ1824 የተመሠረተው የብሪታንያ ንጉሣዊ የነፍስ አድን ጀልባዎች ማኅበር ንብረት ነው። (የእንግሊዞቹን ታሪክ ሳወራ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ማኅበሩ በብሪታንያና በአየርላንድ ዳርቻዎች ከ230 በላይ ጣቢያዎች አሉት። ሥራው በዋናነት የሚተዳደረው ሕዝብ በሚሰጠው ገንዘብ ነው። ጀልባ ላይ የሚወጡትም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጥሪ ሲመጣ የያዙትን ሥራ ጥለው ወደ ወደቡ ይሮጣሉ።

ወደቡ ዳር የማኅበሩ ሙዚየም አለ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ሳጥኑ ግን እዚህም በሩ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ የያዘኝ ሄንሪ ፍሪማን የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1861 ማዕበል በተነሣበት ቀን የዊትቢ ጀልባ ደጋግማ እየወጣች ሰው ስታወጣ ቆየችና በመጨረሻው ጉዞ ተገለበጠች። ላይዋ ከነበሩት 13 ሰዎች 12ቱ ሰጠሙ። የተረፈው ፍሪማን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ከቡሽ የተሠራ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የለበሰ እሱ ብቻ ነበርና። በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ የቡሽ ሰደርያ እንደ ለበሰ ይታያል፤ ጺማም፣ ፈርጣማ፣ የሚያኮራ ሰው። ማኅበሩ ለለጋሾቹ የሚያሳየው ፊት ይህን የመሰለ ነው። የሰጠሙትን አስከሬን አያሳይም፤ ሊያድን የሚወጣውን ሰው ያሳያል።

በሩ ላይ የቆሙት አዛውንት በጎ ፈቃደኛ ልመናው ወደ መንገድ እንዴት እንደ ወጣ አጫወቱኝ። በዲሴምበር 1886 ሜክሲኮ የተባለች የጀርመን መርከብ በላንካሻየር ዳርቻ አሸዋ ላይ ቆመች። ለእርዳታ ከወጡት ሦስት ጀልባዎች በሁለቱ ላይ ከነበሩት መካከል 27 ሰዎች ሞቱ። የመርከቧን ሠራተኞች ያወጣቻቸው ሦስተኛዋ ናት። ከዚያ አካባቢ የነበረው ቻርልስ ማካራ የተባለ የጥጥ ፋብሪካ ባለጸጋ የማኅበሩን ሒሳብ ሲመለከት አንድ ነገር አስደነገጠው፤ አብዛኛው ገቢ የተንጠለጠለው በጥቂት ሀብታሞች ላይ ነበር።

ማካራ በ1891 የነፍስ አድን ጀልባዎችን በሠረገላ አስጭኖ ባሕር በሌላት በማንቸስተር ጎዳና ላይ አዞራቸው። ፋብሪካ ሠራተኛው ሳንቲሙን ባልዲ ውስጥ ወረወረ። ፎቅ መስኮት ላይና ትራም ላይ ላሉት ደግሞ በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ከረጢት ተዘረጋላቸው። በዚያች አንድ ቀን ከ5,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። አዛውንቱ ዘንጉን በእጃቸው ሲያሳዩኝ፣ ጃንጥላ ገልብጠው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በየአስፋልቱ ዳር የሚቆሙት ሰዎቻችን ታዩኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን አባባል እኛ ተርተነዋል፤ ማካራ ደግሞ በሥራ አሳይቶታል። የእኔ ድርጅት በጀት ግን በሁለት የውጭ ረጂዎች ትከሻ ላይ ነበር። አንደኛው ፊቱን ያዞረ ዓመት ከአረጋውያኑ ማዕድ ላይ መቀነስ ግድ ሆኖብናል።

ማታ ዮርክ ተመልሼ ያየሁትን ለአከራዬ ነገርኳቸው። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ መጽሔት አመጡልኝ። ማኅበሩ ይህን መጽሔት ለደጋፊዎቹ ማሳተም የጀመረው በ1852 ነው። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። የትኛው ጀልባ በየትኛው ሌሊት እንደ ወጣ፣ ማን ከምን እንደ ዳነ፣ የዳነውም ሰው በኋላ ያለው ነገር ተጽፏል።

«እኔ ባሕር እፈራለሁ» አሉኝ። «የጀልባዎቹ ልጆች የት እንደ ወጡ፣ ማንን ይዘው እንደ ተመለሱ ግን አውቃለሁ። ኑዛዜዬ ውስጥ ከልጆቼ ቀጥሎ አስገብቻቸዋለሁ።»

ማኅበሩ ራሱ እንደሚናገረው ከአሥር የጀልባ ስምሪት ስድስቱ የሚቻለው ሰዎች በኑዛዜ በሚተዉት ገንዘብ ነው። ይህን ስሰማ ሥልጠናው ላይ የጻፍኩትን ማስታወሻ መለስ ብዬ አየሁት። ለልመናው ደብዳቤ አሥር ገጽ ይዣለሁ፤ ከሰጡን በኋላ ስለምንጽፈው ደብዳቤ አንድ መስመር አልነበረኝም። አሮጊቷን ኑዛዜ ድረስ ያደረሳቸው ግን ለዓመታት ቤታቸው የመጣው ወሬ ነው።

ስለዚያ አገር ልግስና ስጽፍ ጥፋቱንም መተው አልፈልግም። በ2015 አንዲት አዛውንት ለጋሽ ከሞቱ በኋላ ስንት ድርጅት በደብዳቤ ያጨናንቃቸው እንደነበር ይፋ ወጣ። ቤተሰባቸው ለሞታቸው ድርጅቶቹን አልከሰሰም፤ ምርመራው ግን አድራሻቸው በ99 ድርጅቶች መዝገብ ላይ እንደነበረ አሳየ። በማግስቱ ዓመት ገቢ ማሰባሰብን የሚከታተል ተቆጣጣሪ አካል ተቋቋመ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ማኅበርም ገቢው ሊቀንስ እንደሚችል እያወቀ፣ ከ2017 ጀምሮ ፈቃዱን ላልሰጠ ሰው የልመና ደብዳቤ ላለመላክ ወሰነ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለረጂዎች የምንልከውን ደብዳቤ ከፍቼ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት እናት አሉ፤ ነጠላቸው ተቀዷል፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው። እኚህ እናት በግቢያችን ጓሮ ጎመን ይተክላሉ፤ ጥጥ ሲፈትሉ እጃቸው አይታክትም፤ የተጣላ ሰው ሲያዩ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ የመረጥነው ያለቀሱበትን አንድ ቀን ነው። ፎቶውን ለመላክም ፈቃዳቸውን አልጠየቅንም።

የሰውን እንባ አሳይቶ መለመን ከእኛው አገር ታሪክ ጋርም የተያያዘ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ያ ምስል እህል አመጣ፣ ሰው አተረፈ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዘገባው የታዩት ሕፃናት ፊት ዓለምን ሲዞር የአብዛኞቹ ስም አብሯቸው አልዞረም። ዮርክ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ዛሬም ስለ ረሃቡ የሚጠይቁኝ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንድ ምስል ተርቦ ያገኘውን ሕዝብ አርባ ዓመት ሙሉ እንደ ተራበ ሊያስቀር ይችላል። እኔም በትንሿ ድርጅታችን በእኚያ እናት ላይ ያንኑ እያደረግሁ ነበር።

አገሬ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት እናታችን ዘንድ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ነው። አሁን ደብዳቤያችን ላይ ጎመናቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፎቶውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። በየሱቁ ያስቀመጥናቸው ሳጥኖች ታሽገዋል፤ የሚከፈቱት ሦስት ሰዎች ባሉበት ነው፤ የተገኘው ገንዘብና የዋለበት ነገር በራችን ላይ ይለጠፋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ እኛም የራሳችንን ስንት እንደሆነ አብረን እንጽፋለን። አሥር ብር የሰጠም ሰው ስልኩን ከተወልን በወሩ መጨረሻ ብሩ ምን እንደ ገዛ አጭር መልእክት ይደርሰዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለሰጣችሁ ሰው ሁለተኛ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት፣ የመጀመሪያው ብር የት እንደ ደረሰ ንገሩት። የምትለምኑለትን ሰው ፎቶ ከመላካችሁ በፊትም ፎቶውን ለራሱ አሳዩትና ፈቃዱን ጠይቁት።