ንፍሮ

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የብሎካችን ልጆች በሙሉ በቁምጣ ብቻ ወደ ታች ወረዱ። የሩፋኤል ዕለት ነው። በዚያን ቀን የሚጥለው ዝናብ ጠበል ነው ስለሚባል፣ በሌላ ቀን «ብርድ ይመታሃል» የሚሉ እናቶች እንኳ ዝም ይላሉ። እማዬ በረንዳው ላይ ጎድጓዳ ሳህን አውጥታ ውሃው እስኪጠራቀም ጠበቀች። ከዚያ ገብታ፣ ሶፋው ሥር የአባቴ አሮጌ ጋቢ ላይ ወደተኛችው ድመታችን ጎንበስ አለችና ጣቷን እየነከረች ትረጫት ጀመር።

እኔ ጠረጴዛው ጋ ላፕቶፔን ከፍቼ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቀና ብዬ እንዳየኋት ገብቷታል መሰለኝ፣ ሳትዞር «አንተ የምታውቀውን ሞከርክ» አለችኝ። «እኔም የማውቀውን ልሞክር።»

ድሮ ቢሆን አንድ የውሃ ጠብታ ሲነካት ቁም ሳጥን ላይ ነበር የምትወጣው። የዚያን ዕለት ጆሮዋን ብቻ አርገበገበች።

ድመቷ ንፍሮ ትባላለች። ወደኛ የመጣችው ግንቦት 1 ቀን 2001 ነው። ቀኑን የያዝኩት ትዝታዬ ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ የልደታ ልጅ ግንቦት 1ን አይስትም። እመቤታችን የተወለደችው እናትና አባቷ በሸሹበት በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነው ስለሚባል በዓሉም የሚከበረው ደጅ ነው። ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ይቀቀላል፤ ቡናው ውጭ ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ከንፍሮው ለመሬቱም ይበተናል። የኛ ግቢ አምስት አባወራ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤትና አንድ የኮክ ዛፍ ነበረው። የዚያን ዓመት ታናሽ እህቴ ኮኩ ሥር የተበተነውን ሽምብራ የምታንከባልል የመዳፍ ያህል ድመት አገኘች። ትብላው ትጫወትበት አልታወቀም። ግራጫ፣ ቡኒና ጥቁር የተቀላቀለባት ስለነበረች እማዬ «ይቺ እራሷ ንፍሮ ናት» አለች። ስሙ እዚያው ቀረ።

በነገራችን ላይ ወቅቱ ጸደይ ነበር። እውነተኛውን ጸደይ ማለቴ ነው። ትምህርት ቤት «ስፕሪንግ» ማለት ጸደይ ነው ስለተባልን አብዛኞቻችን ጸደይ ሲባል የሚመጣብን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በባሕረ ሐሳቡ ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአበባው ወቅት መፀው ይባላል፤ እሱም የሚገባው መስከረም 26 ነው። በሕጉ ከሄድን እንቁጣጣሽም መስቀልም ገና ክረምት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ አደዩ አላነበበውማ» አለችኝ።

ንፍሮ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፣ አልመለስበትም። ጎረቤቱ ተበታተነ፤ እኛ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ስለነበርን እዚያው ከሚሠራው ኮንዶሚኒየም ይደርሳችኋል ተባልን፤ እስኪደርሰንም ጦር ኃይሎች አካባቢ ተከራየን። ንፍሮን በካርቶን ይዘናት ሄድን። በሁለተኛው ቀን ጠፋች።

ውሻ ሰው ይለምዳል፣ ድመት ቤት፣ ይባላል። እህቴ ለሦስት ቀን አልቅሳ በአራተኛው ቀን አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ደረቱ አብጦ ገባ። ከሥራ ሲወጣ በልደታ በኩል ዞሮ ኖሯል። ቤታችን ከነበረበት፣ ከፍርስራሹ መሐል፣ የማድ ቤቱ ጉልቻ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኛት። «ቤቱን እየጠበቀችልን ነው» አለ። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ እዚያ ሄዶ እንደሚቆም ያወቅነው ያን ቀን ነው። ድመቷ ባትጠፋ ኖሮ አይነግረንም ነበር። በ2011 ሲያርፍ ጋቢው ላይ ተኛችበት፣ ማንም አላስነሳትም።

ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰን። እንዴት ትለምደዋለች ብለን ስንጨነቅ መስኮቱን አገኘች። መስከረም 9 ቀን 2008 የቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ልደታ ሙሉ ወጥቶ ሲያይ፣ እሷም ከላይ ሆና አንገቷን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስትወስድ ዋለች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሷ ሥራ ይኸው ሆነ።

የሷ ትልቁ በዓል ግን እንቁጣጣሽ ነበር። ምክንያቱ ቀጤማው ነው። ዋዜማው ላይ እማዬ አንድ እቅፍ ቀጤማና አንድ እስር አደይ ይዛ ስትገባ ንፍሮ ገና ከደረጃው ሽታው ይደርሳታል፣ በሩ ሥር መጮህ ትጀምራለች። ቀጤማው ሲጎዘጎዝ መጀመሪያ እንደ አዳኝ ትሳባለች። ቀጥሎ በጀርባዋ ትንከባለላለች። ቀጥሎ ትበላዋለች። ሌሊት ላይ እዚያው ቀጤማ ላይ ታስታውከዋለች፣ ጠዋት ከእንግዳ በፊት የሚያጸዳው እኔ ነኝ። ዶሮው ሲበለት ደግሞ ከእማዬ ቢላ አንድ ክንድ ርቃ ትቀመጣለች፤ አትለምንም፣ አትጮህም፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አብራ የምትቆጥር ነው የምትመስለው። የሷ ድርሻ አንጀቱ ነው።

ጾም ላይ ችግር ነበር። ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም፤ ንፍሮ ደግሞ ጭራሽ የመመንኮስ አሳብ አልነበራትም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እማዬ ሳንባ ገዝታ፣ በትንሽ በትንሹ ከፍላ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። «የንፍሮ ድስት» የሚባል አንድ ጆሮው የወለቀ ድስት አለ። በዚያ ትቀቅልላታለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ጫፍ ይዛ። አሥራ ስድስት ሁዳዴ እንዲህ አለፈ።

አሁን ደስ የማይለኝ ቦታ ደረስኩ። ባለፈው ሚያዝያ ንፍሮ ከውሃ ባልዲ ላይ አልነሣ አለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ጀሪካንና ባልዲ ሞልተን ነው የምንኖረው። «ይቺ ድመት ውሃችንን ጨረሰችው እኮ!» እያለች እማዬ ትስቃለች። እኔም አርባ ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጬ ቶሮንቶ ላለችው እህቴ ላክሁላት። እሷ የሳቅ ምልክት፣ እኔ የሳቅ ምልክት።

ሐምሌ ላይ መብላት ስትቀንስ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ደም ወስዶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ «ውሃ ታበዛ ነበር?» አለኝ። ኩላሊት ሲደክም ሽንቱን ማወፈር ያቅተዋል፤ ብዙ ትሸናለች፤ ስለምትሸና ትጠማለች። ብዙ ውሃ መጠጣት ያረጁ ድመቶች ላይ ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ሎግ አንብቦ ከሰው ቀድሞ ስህተት ማግኘት ነው። ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ እንደሚመስለኝ ያበድኩት በራሴ መንገድ ነው። ሐኪሙ ከፋርማሲ ሪንገር ላክቴት አስገዝቶ ከቆዳዋ ሥር እንዴት እንደሚሰጥ አሳየኝ፤ በየሁለት ቀኑ 100 ሚሊ ሊትር። ከረጢቱን መጋረጃው ብረት ላይ እሰቅለዋለሁ፣ የትከሻዋን ቆዳ አንሥቼ መርፌውን አስገባለሁ፣ እማዬ ጭንቅላቷን ይዛ ታወራታለች። ክብደቷን እየመዘንኩ የምመዘግብበት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሐምሌ መጀመሪያ 3.1 ኪሎ፣ ነሐሴ አጋማሽ 2.6፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2.1። ግራፉን ለእማዬ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችውና «ይሄ ወደ ታች የሚሄደው እሷ ናት?» አለችኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ሌሊት ላይ ስለ ድመት የማነበው ነገር መድኃኒት መፈለግ መሆኑ ቀርቶ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ነበር። ዓለም ላይ «አቢሲኒያን» የሚባል ዝነኛ የድመት ዝርያ እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ዙላ የተባለች ድመት በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላው ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ይባላል፤ ስሟ የናፒየር ጦር ከወረደበት የባሕር ዳርቻ ስም ጋር አንድ ነው። በኋላ የተደረጉ የዘር ጥናቶች ግን የዝርያውን ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስዱታል። አየህ፣ አልኩ ለራሴ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣ የሀበሻ ድመት የምትባለው ሀበሻ አይደለችም፤ ሀበሻዋ ሶፋ ሥር ናት፣ ፓስፖርትም የላት። እህቴ ይህን ስጽፍላት «ተኛ በናትህ» ብቻ አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ከዚህ በኋላ የምንሰጣት ነገር ሥቃይዋን ማስረዘም እንደሆነ ነገረኝና በመርፌ ማስተኛት እንደሚቻል ጠቆመኝ። ቤት መጥቼ ለእማዬ ቀስ ብዬ አስረዳኋት።

«ማስተኛት ማለት መግደል ነው አይደል?» አለች። «አማርኛውን ንገረኝ።»

ዝም አልኩ።

«ነፍስ የሰጠ ነው የሚወስድ።»

እየተሠቃየች ነው እኮ፣ አልኩ። ማየት አቅቶሽ ነው እንጂ፣ አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«አባትህ ያን ሁሉ ወር ሲያቃስት» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ማን መርፌ አመጣለት?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ንፍሮ የምናወራው ስለ ምግቧና ስለ ውሃዋ ብቻ ሆነ። በስንት ልመና የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ በዓሉ ይለፍ። ሳልነግራት ለቅዳሜ መስከረም 3 ቀጠሮ ያዝኩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሐሙስ ነበር። ክረምቱ ሌሊቱን ጨርሶ የወጣ ይመስል ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ከጠዋት ጀምሮ የአበባየሆሽ ልጆች አደያቸውን ይዘው ፎቅ በፎቅ ወጡ፣ ከበሯቸው ደረጃው ውስጥ ሲያስተጋባ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ወንዶቹ የሣሏትን ፀሐይና አበባ ያድላሉ። ንፍሮ ከበሮ ስትሰማ አልጋ ሥር ነበር የምትገባው። ዘንድሮ ከበሮው በራችን ላይ ሲመታ ዓይኗን ከፈተች፣ ዘጋች።

ዶሮው ከተበላ በኋላ ነው ከጋቢው የተነሣችው። ሁላችንም ዝም አልን፤ እህቴ በቪዲዮ ስልኩ ላይ ነበረች፣ «አዙረው፣ አዙረው ወደሷ» ትላለች። አራት አምስት እርምጃ ሄዳ ቀጤማው ላይ ደረሰች። ተንበርክካ እንደወደቀች አንዱን ቅጠል በአፏ ያዘች። ማኘክ አልቻለችም። መትፋትም አልቻለችም። ቅጠሉ ከአፏ እንደተንጠለጠለ እዚያው ቀረች። እማዬ ከመንበሯ ተነሥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ አወጣችላት። ከዚያ ቅጠሉን አልጣለችውም፣ ይዛው ቆየች።

ማታ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ከኋላዬ መጥታ «ሐኪሙ መቼ ይገኛል?» አለችኝ።

«ቅዳሜ።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት በጋቢው ጠቅልላት በራይድ ሄድን። ሾፌሩ ሕፃን መስሎት ሬዲዮኑን ቀነሰው፣ አላረምነውም። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደነዝዘውን ወጋት፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አስረድቶ «እናት ውጭ ቢጠብቁስ?» ሲል እማዬ እንዳልሰማ ሆነች። እጇን ንፍሮ ግንባር ላይ አድርጋ «ሂጂ፣ እሺ፣ ሂጂ» ትላታለች፣ ልጅ ለትምህርት ቤት ሲሸኝ እንደሚባለው። ደቂቃም አልፈጀም። እኔ የማየው የጋቢውን ጥለት ነበር።

ድመት የሚቀበርበት ቦታ የለም። ኮንዶሚኒየም ግቢ ኮብልስቶንና የመኪና ማቆሚያ ነው። ከብሎኩ ጀርባ ግን አንዲት ጎረቤታችን ጎመንና ጤና አዳም የምታበቅልባት የአልጋ ስፋት የምታህል መሬት አለች፤ ስናስፈቅዳት «ከግንቡ ጥግ ይሁን» አለች። ጥበቃው ጋሼ ኮሚቴው እንዳያይ ሲመሽ አካፋ አመጣልኝ። ጉልበት ድረስ ስቆፍር የሚወጣው አፈር ብቻ አልነበረም፤ ከሰል፣ የምጣድ ሸክላ ስባሪ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ቁራጭ። የማን ቤት እንደነበር አላውቅም። በኋላ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮውን ምስል አውጥቼ ሳስተያየው የኛ ግቢ ሌላ ቦታ ነው፣ ስልሳ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አሁን መኪና የሚቆምበት ጋ። ጋቢውን አብረን እንቅበረው ወይ ብዬ እማዬን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «እሱን አምጣው» አለች።

እሑድ ስነቃ ቤቱ የሚፈላ ስንዴ ይሸታል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንፍሮ ጥዳለች፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ቡና ልትጠጣ የገባችው ጎረቤት ሳህኑን አይታ ደንገጥ አለች። ልደታ አይደለ፣ ወሩ መስከረም ነው፤ ሌላው ንፍሮ የሚቀርብበት ቦታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም» አለች እማዬ። «አማረኝ።»

ሴትዮዋ ሶፋው ሥር ባዶውን ቦታ አየች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ሁለተኛው ስኒ ላይ እማዬ አንድ እፍኝ ይዛ ወጣች። በረንዳ ላይ ሆኜ ሳያት ከብሎኩ ጀርባ ግንቡ ጥግ ደርሳ በተነችው። ከዚያ ጎመኑ መሐል የበቀለ አረም ነቀለች፣ ሌላም ነቀለች። ጥበቃው አንድ ነገር አላትና ሳቀች።