የጨው መነስነሻውና መንኮራኩሯ

ዛሬ ስለ ዶላር ምንዛሪ አልጽፍም። ስለ ድርድርም ስለ ምርጫም አልጽፍም። ይህን ቻናል ለዜና ትንተና ብላችሁ የተቀላቀላችሁ ለአንድ ቀን ታገሱኝ። የዛሬው ጽሑፍ ስለ ጨው መነስነሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1966 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ሲቀረጽ ለአንድ ክፍል የጨው መነስነሻ አስፈለገ። ታሪኩ ከሰው ገላ ጨው እየመጠጠ ስለሚገድል ፍጡር ነው። የዕቃ ኃላፊው ገበያ ወጥቶ ቅርጻቸው ለየት ያለ፣ ዘመናይ መነስነሻዎች ገዝቶ መጣ። አዘጋጆቹ ሲያዩአቸው ግን «ተመልካቹ የጨው ዕቃ መሆናቸውን እንዴት ያውቃል?» አሉ። ስለዚህ ለጨውነቱ ማንም ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘውን ተራ መነስነሻ ተጠቀሙ። የተገዙት ደግሞ ገንዘብ ወጥቶባቸዋልና እንዳይባክኑ የመርከቧ ሐኪም የዶክተር ማኮይ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሆኑ። በ23ኛው ክፍለ ዘመን ይኖራል የተባለው ሐኪም በጨው መነስነሻ ሰው ሲፈውስ ኖረ።

ይህን ታሪክ በዓለም ዙሪያ በቃሉ የሚያውቅ ብዙ ሕዝብ አለ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ሰዎች «ያ የልጆች ፊልም ምንህ ነው?» ሲሉኝ ስለ ታሪኩ አልከራከርም። ስለ ዕቃዎቹ ነው የማወራው።

ድራማውን ላላያችሁት፦ ጂን ሮደንቤሪ የተባለ ጸሐፊ ፈጠረው። «ኢንተርፕራይዝ» የተባለች መንኮራኩር ከነሠራተኞቿ ኮከብ ለኮከብ ትዞራለች። የመገናኛ መኮንኗ ጥቁር ሴት ናት፤ መሪውን የሚይዘው የጃፓን ዘር ያለው ሰው ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ሩሲያዊ ተጨመረ። ሐሳቡ ትልቅ፣ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። መንኮራኩሯ ፕላኔት ላይ ስታርፍ በየሳምንቱ ማሳየት ስለማይቻል ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጣጥም ማሽን ፈለሰፉ። ያ ዝነኛ ፈጠራ የመጣው ከገንዘብ እጦት ነው። በራሳቸው የሚከፈቱት በሮችም ከጀርባ የሚጎትታቸው ሠራተኛ ነበራቸው፤ ሲዘገይ ተዋናዩ በሩን ይገጨዋል።

ከነዚህ ዕቃዎች ጀርባ ብዙ ሰው የማያውቀው ስም አለ፤ ዋ ቻንግ። በ1917 ሆኖሉሉ የተወለደ ቻይናዊ-አሜሪካዊ ቀራጺ ነው። በወጣትነቱ ፖሊዮ ይዞት በእግሩ ላይ የብረት ድጋፍ አድርጎ ይሄድ ነበር። ካፒቴኑ በአውራ ጣቱ ከፍቶ የሚነጋገርበትን መገናኛ፣ በትከሻ የሚንጠለጠለውን መመርመሪያ የሠራው እሱ ነው። በአንዳንዶቹ መገናኛዎች ውስጥ ያለችውን የምትሽከረከር ክብ ምስል የሚያዞራት ተራ የሩጫ ሰዓት ሞተር ነበር። ቻንግ የዕቃ ሠሪዎች ማኅበር አባል ስላልነበረ ማኅበሩ ተቃወመ፤ ስቱዲዮውም ዕቃዎቹን እንደ ገበያ ዕቃ ከውጭ እንደገዛቸው አድርጎ አለፈው። በዚህ ምክንያት ስሙ በድራማው መጨረሻ አይነበብም። ስሙን ቆፍረው ያወጡትና ያስከበሩት አድናቂዎቹ ናቸው። የምወዳቸው በዚህ ነው። የዕቃ ፍቅር መጨረሻው ወደ ሠሪው ያደርሳል፤ ዕቃውን የሚያገላብጥ ሰው ውሎ አድሮ «ይሄን ማን ሠራው?» ማለቱ አይቀርም።

(በቅንፍ አንድ ነገር። ተከፋች ሞባይል የተወለደው ከዚያ መገናኛ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር በ1973 በእጅ የሚያዝ ስልክ ሲሠራ «ስታር ትሬክን» አይቶ ነው ይባላል። ኩፐር ራሱ ግን በኋላ መነሻዬ ዲክ ትሬሲ የተባለው የካርቱን መርማሪ የእጅ ሰዓት ሬዲዮ ነው ብሏል። ይህን ለአድናቂ አትንገሩ፤ ያኮርፋችኋል።)

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ፤ ምክንያቱም ፖለቲካ አለው።

በ1967 መጨረሻ ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ ድራማውን ሊያቋርጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ጆንና ቢጆ ትሪምብል የተባሉ ባልና ሚስት የደብዳቤ ዘመቻ ጀመሩ። ኢንተርኔት የለም፣ ሃሽታግ የለም፤ አንዱ ይጽፋል፣ ለሌሎች አሥር ሰዎችም እንዲጽፉ ይነግራል። የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ችቦ ይዘው ወደ ጣቢያው ሰልፍ ወጡ። ከ100 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደረሰ። በመጋቢት 1968 ጣቢያው አንድ ክፍል እንዳለቀ በአየር ላይ ድራማው ይቀጥላል፣ እባካችሁ መጻፍ አቁሙ ብሎ አሳወቀ። ይህ ድል ግን ሙሉ አልነበረም። ድራማውን ወጣቱ ከቤት የሚወጣበት ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጣሉት፤ በጀቱንም ቀነሱ። በ1969፣ በ79 ክፍል አለቀ። ተቋም ሕዝብ ሲጮህበት «እሺ» ብሎ ሰዓቱን በማይመች ቦታ እንደሚያደርገው፣ ይህንን እኛም አናጣውም።

ልምዱ ግን አልጠፋም። በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን የጠፈር ማመላለሻ ሊያስመርቅ ሲል ስሙ «ኮንስቲትዩሽን» ሊባል ታስቦ ነበር። አድናቂዎቹ እንደገና ብዕር አነሱ፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ ዘንድ ደብዳቤ ጎረፈ። ማመላለሻው ካሊፎርኒያ ፓልምዴል ላይ መስከረም 17 ከመጋዘን ሲወጣ በጎኑ የተጻፈው «ኢንተርፕራይዝ» ነበር፤ የድራማው ተዋንያንም ቆመው አዩት። ያ ማመላለሻ ለከባቢ አየር ሙከራ ነው ያገለገለው፤ አንድም ቀን ጠፈር አልወጣም። የውሸቷ «ኢንተርፕራይዝ» በየሳምንቱ ኮከብ ስታዳርስ እውነተኛዋ ከአየር አላለፈችም።

ይህን ለእናቴ ታላቅ ወንድም የነገርኩት በ2018 ዋሽንግተን መጥተው በጎበኙኝ ጊዜ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከዋሽንግተን ምን ማየት እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ገንዘብ የማያስከፍል» አሉኝ፤ ስለዚህ ወደ አየርና ጠፈር ሙዚየም ሄድን፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠባት አውሮፕላን ላይ ብዙም አልቆዩም። የመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ያለችው መንኮራኩር ዘንድ ግን ቆሙ። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ያልፋል።

«ይቺ በረረች?»

«አልበረረችም ጋሼ። የፊልም ናት። በ1974 ስቱዲዮው ለሙዚየሙ ሰጠው።»

«ያኛውስ?» የጨረቃ ማረፊያውን እያሳዩኝ ነው።

«እሱ እውነተኛ ነው። ግን እሱም ጨረቃ አልሄደም። ለሙከራ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ስለተሳካ ሳይፈለግ ቀረ።»

«ታዲያ ሁለቱም ያልበረሩ ናቸዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሞዴሏን ከግራም ከቀኝም እየዞሩ አዩአት፤ ብዙው አካሏ ከእንጨት መሆኑን ስነግራቸው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ሲቀርጹ የሚያሳዩት የቀኝ ጎኗን ብቻ ስለነበር ግራዋን ሳይጨርሱ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳስገቡበት ጨመርኩላቸው።

«ልክ ነው» አሉ። «ቁም ሣጥን ስትሠራ ግድግዳ የሚነካውን ጎን ማን ይልገዋል? የቸገረው አናጺ ሥራ ነው ይሄ። እንዲህ አምሮ ሲታይ ግን ጎበዝ ነው ሰውየው።»

ብዙ ጊዜ የተነተንኩትን ነገር ጋሼ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ዕቃው ውሸት መሆኑ አላስጨነቃቸውም። ያዩት እጅ ነው።

ሙዚየሙ ሞዴሏን ለ50ኛ ዓመቱ በ2016 ሲያድሳት ያደረገውን ደግሞ ስሙ። ለእውነተኛ ቅርስ እንደሚደረገው በኤክስሬይ መረመራት። የመጀመሪያው ቀለሟ የቀረው ከላይኛው ክብ አካሏ ላይ መሆኑን ለዩ፤ ያንን ሳይነኩ ሌላውን ከሱ ጋር አመሳሰሉ። የድሮ መልኳን ለማረጋገጥ ደግሞ ሕዝቡን «ከ1976 በፊት ያነሳችሁት ፎቶ ካለ አምጡ» ብለው ለመኑ። ፎቶው የተገኘው ከአድናቂዎች መሳቢያ ነው።

እርግጥ የዚህ ፍቅር ሌላ መልክም አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሐቀኛ አልሆንም። በ2006 ኒው ዮርክ ላይ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች የድራማውን ዕቃዎች ሲሸጥ ጠቅላላ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ከኋለኛው ተከታታይ የመጣች አንዲት ሞዴል ብቻዋን 576 ሺህ ዶላር አወጣች። ካፒቴን ፒካርድ በአንድ ክፍል የሚነፋት ዋሽንት ደግሞ ቢበዛ 1,200 ዶላር ታወጣለች ተብላ ተገምታ 48 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ዋሽንቷ አትነፋም። ድምፁ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ነው። አትነፋም እየተባለ፣ እያወቀ፣ ሰው 48 ሺህ ዶላር ከፈለ። በዚህ ላይ እኔም አብሬ መቆም አልችልም፤ ፍቅር ወደ ካዝና ሲገባ ዕቃው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጠፍታ የነበረችው የመጀመሪያዋ ትንሿ ሞዴል በ2023 ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ስትወጣ አድናቂዎች በጨረታው ገጽ ላይ ለዩአት፤ በቀጣዩ ዓመት ለሮደንቤሪ ልጅ ተመለሰች። የወሰዳትና የለያት ሁለቱም ፍቅር ነበራቸው ብዬ እገምታለሁ።

ባለቤቶቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። አድናቂዎች በራሳቸው ገንዘብ አጫጭር ፊልም ሲሠሩ ዓመታት ዝም ብለው፣ አንዱ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሰበስብ ፍርድ ቤት አቆሙት። በ2016 ደግሞ የአድናቂ ፊልም ከ15 ደቂቃ አይለፍ፣ ሁለት ክፍል ቢሆን በድምሩ ከ30 አይለፍ የሚል ደንብ አወጡ። በደብዳቤ ያዳናቸውን ሕዝብ በደቂቃ ለኩት።

ነገር ግን ኒሼል ኒኮልስ አለች። ኡሁራን የተጫወተችው። የገጸ ባሕሪዋ ስም ከስዋሂሊው «ኡሁሩ» የመጣ ነው፤ ነፃነት ማለት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ልትለቅ ወስና ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት እንዳትለቅ እንደለመናት ደጋግማ ተናግራለች። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር የመምረጥ መብቱን በሕግ ካስከበረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ኒኮልስ በጆሮዋ የምትሰካው የውሸት ዕቃ ነበረች፤ የሚሰማበት ነገር የለም። ሆኖም ቴሌቪዥኑን የሚያይ ጥቁር ልጅ ያቺ ሴት ከከዋክብት ጋር ስታወራ ያያል። በ1977 ናሳ ራሱ ሴቶችንና ጥቁሮችን እንድትመለምልለት ቀጠራት። በ1978 የተመረጠው የጠፈርተኞች ቡድን ሳሊ ራይድንና ጋይ ብሉፎርድን ይዞ ወጣ። በ1992 ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሜ ጀሚሰን በልጅነቷ ያየችው ኡሁራን ነው፤ በቀጣዩ ዓመትም በኋለኛው ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ላይ ተጫወተች። የውሸት ዕቃ እውነተኛ ሰው ሲልክ ማለት ይህ ነው።

የእኛ ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የእኛም ፖለቲካ የዕቃ ፖለቲካ ነው፤ ሐውልት፣ ባንዲራ፣ ካባ፣ ዘውድ። አላቃልለውም። ከመቅደላ የተዘረፈው ይመለስ ሲባል አብሬ እጮኻለሁ። ስታር ትሬክ ሞዴሏን ለሙዚየም በሰጠበት በዚያው በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽን አገኘን፤ አዲስ አበባ ሙዚየም ሄደን የምናያት ግን ቅጂዋን ነው፣ እውነተኛዋ ካዝና ውስጥ ናት። ቅጂ ፊት ቆሞ መደነቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። የምንጣላባቸው ዕቃዎች በሙሉ ግን ካለፈው ጊዜ የመጡ ናቸው። ከመጪው ጊዜ የመጣ፣ ልጅ በእጁ ይዞ «እኔ ነኝ» የሚልበት የራሳችን ዕቃ አንድ ጥሩልኝ ብትሉኝ አፌ ይያዛል።

ቀረብ የሚለው በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልም። ዓለም አክትሞላታል፤ ሰማይ ላይ የተገተረች የዛገች መንኮራኩር አለች። የቀሩት ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅዱስ ቅርስ ያገላብጣሉ፤ የዕቃ ተማኙ ስለ እያንዳንዱ ረጅም ታሪክ ይፈጥራል። ያስቃል፤ ከዚያ ሳቁ ይቆማል። በገዛ ምድራችን፣ በገዛ ቋንቋችን በተሠራ የወደፊት ዓለም እንኳ በእጃችን የቀረው የሌላ ሕዝብ አሻንጉሊት ነው። ፊልሙን የምወደውም የማልወደውም በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ቴሌቪዥናችን የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1957 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ድራማ፣ ስንት ቴአትር ተሠርቷል። በየመድረኩ ከካርቶን ዘውድ የቆረጠ፣ ከቆርቆሮ ጋሻ የቀጠቀጠ፣ ስሙ ያልተነበበ ሰው አለ። ከቤታችሁ ሣጥን ውስጥ፣ ከአባት ወይ ከእናት የቀረ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ፎቶ አንስታችሁ በኮሜንት ላኩልኝ። የሠራውን ሰው ስም ካወቃችሁ ከፎቶው ሥር ጻፉት።