ሕግና ማኅበር

መደራጀት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬው አዝመራው እንዳይረግፍበት ደቦ ይጠራል፤ ነጋዴው ዕቁብ ይጥላል፤ ከተሜው ሞት ሳይቀድመው ዕድር ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ከማናቸውም መጽሐፍ ቀድሞ ይህንኑ አስተምሮናል። ነገር ግን ያው ሰው ከፋብሪካ በር ገብቶ «ስለ ደመወዛችን በኅብረት እንነጋገር» ባለ ጊዜ እንደ ዐመፀኛ የታየበት ዘመን ረዥም ነው። በቀብር ጊዜ የሚመሰገነው ኅብረት በሥራ ቦታ ስለ ምን ይፈራል? ይህን ጥያቄ ከአንባቢያን ጋር ልንመረምረው ፈልገናል።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፥ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በማናቸውም ሥራ የመሰማራትና ለዚሁም ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው በአንቀጽ 47 ደንግጎ ነበር። ሆኖም ቃሉ በሥራ ላይ የሚውልበት የሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ እስኪወጣ ድረስ እስከ 1954 ዓ.ም. መጨረሻ መጠበቅ ግድ ሆነ። በመካከሉ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ሕጉ ሳይቀድማቸው መሰባሰብ ጀምረው ነበር፤ የማኅበር ስም በሚያስፈራበት ስፍራ ደግሞ ብዙዎች በዕድርና በመረዳጃ ስም ተጠለሉ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት አገራችን ስለ መደራጀት ነጻነትና ስለ ኅብረት ድርድር የተደረጉትን ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተቀበለች፤ በ1956 ዓ.ም. ድንጋጌው በአዋጅ ቁጥር 210 ጸና። እንግዲህ ማኅበሩን ሕጉ ብቻ ወለደው ለማለት አንችልም፤ ሠራተኛውም ሕጉን ጠርቶታል።

የማኅበር ጥቅም ምን እንደ ሆነ በወሬ ሳይሆን በቤታችን አውቀነዋል። አባታችን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል በፈረቃ ሲሠሩ ኖረዋል። የሌሊት ተረኛ ሆነው ሲነጋ ሲመለሱ ቅንድባቸው በጥጥ ብናኝ ነጥቶ፥ ሳላቸውም ከእርሳቸው ቀድሞ ከደጅ ይሰማ ነበር። ከኪሳቸው የማትለይ፥ ጠርዟ የተበላ ትንሽ መጽሐፍ ነበረቻቸው፤ እርሷም ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ናት። በብናኝ መካከል ለሚሠራ ሰው በየቀኑ ወተት እንዲሰጥ የሚያዘው አንቀጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል። አንድ ሳምንት ወተቱ ቢቋረጥ አባታችን ብቻቸውን ሄደው ጠየቁ፤ «ነገ ይምጡ» ተባሉ። የማኅበሩ ተወካዮች ያችኑ መጽሐፍ ይዘው በገቡ ጊዜ ግን ወተቱ በማግሥቱ መጣ። ኋላም ማኅበሩ ወተት ሳንባን ከብናኝ እንደማያድን ተረድቶ፥ የአፍ መሸፈኛና የአየር ማውጫ እንዲሰጥ ጠየቀ። መሸፈኛው ተሰጠ፤ አየር ማውጫው ግን አባታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አልተተከለም። ስለዚህ ማኅበር ሁሉን ያስገኛል አንልም፤ ያለ ማኅበር ግን ወተቱም አልተመለሰም ነበር።

ማኅበርም ቢሆን የሚታመምበት ጊዜ አለ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ የአንድነት ማኅበሩ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ባደረገ ጊዜ፥ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛው ደመወዝ በሕግ ይወሰን የሚል ነበር። በ1968 ዓ.ም. ማኅበሩ ፈረሰ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የቆመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርም ከታች ያለውን ብሶት ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች ማውረድ በዛበት። «እምቢ» ለማለት የማይችል ማኅበር «እሺ» ቢልም ዋጋ የለውም። ያው የደመወዝ ጥያቄ ከ45 ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ውስጥ ወደ ፊት ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ተመርቶ እናገኘዋለን።

ይኸው አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጓል፤ የሥራውም ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። መልካም ቃል ነው። ዳሩ ግን በሌሊት ፈረቃ ዘጠነኛው ሰዓት ሲጀመር ከማሽኑ አጠገብ የሚገኘው ማነው? ተቆጣጣሪው በቤቱ ተኝቷል፤ አዋጁም በመደርደሪያ ላይ ነው። የነቃው ሠራተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ብቻውን ከሆነ ዝም ማለትን ይመርጣል፤ የልጆቹ እንጀራ በዚያ ማሽን ላይ ነውና።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ስለምንተዳደር ነገሩ የማይመለከተን ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የአቤቱታው መዝገብ በእጃችን ነው። ስለዚህ የሠራተኞች ተወካዮች ከቢሯችን ደጅ ሲቆሙ ሁከት የመጣብን አይምሰለን፤ እኛ ልንደርስበት በማንችለው ቦታና ሰዓት ሕጉን የሚጠብቁልን እነርሱ ናቸው። የማኅበር መሪዎችም ከወንበራቸው ይልቅ የመረጣቸውን ሰው ያስቡ። አሠሪውም ቢሆን፥ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገረው ብሶት በልብ ተቀብሮ ከሚያድር ቂም ይልቅ ለፋብሪካው እንደሚበጅ ይወቅ።