መውጫውን የት ታሳዪኛለሽ?

እናቴ በከተራ ዕለት ውሃ አትጠጣም። ገሃድ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ፤ ፀሐይ ገብታ ጾሙ ከተፈታ በኋላም ጠርሙሱን ሳቀርብላት ገፋ ነው የምታደርገው። ታቦቱን አጅበን በወረድንበት በአንዱ ዓመት፣ ከንፈሯ ደርቆ ባየሁ ጊዜ «እማዬ፣ ኧረ ትንሽ ጎንጭ በይ፣ ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነሽ» ብላት ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ለመግባቱስ ይገባል ልጄ፤ መውጫውን የት ታሳዪኛለሽ?»

ዞር ብዬ ሜዳውን አየሁት። ድንኳኑ አምሯል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የድምፅ ማጉያው በየማዕዘኑ ተሰቅሏል፣ ባንዲራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሯል። የማሳያት መውጫ ግን አልነበረኝም። እስቲ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ይህንኑ እንጫወተው። ሽንት ቤት ቡና ላይ ይነሳል ወይ የምትሉ አትጠፉም። ይነሳል፤ ሴቶች ሁልጊዜ እናነሳዋለን፤ ግን በሹክሹክታ፣ አጠገባችን ለተቀመጠችው ለአንዷ ብቻ። የበዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ጆሮ ያልደረሰውም በሹክሹክታ ስለቀረ ይመስለኛል።

ሹክሹክታውን ታውቁታላችሁ። «ነይ እስቲ ጋርጂኝ።» አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ ትከልላለች፣ ሌላዋ ቦርሳ ትይዛለች፣ ሦስተኛዋ ሰው እንዳይመጣ መንገድ ታያለች። ለአንዷ ሽንት አራት ሴት ከበዓሉ ይጎድላል። ወንዱ ደግሞ ወደ አጥሩ ዞር ይላል፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሳይቀር። አጥር ላይ መሽናት ደግ ነው እያልኩ አይደለም፤ ነውር ነው፣ ግድግዳውንም አላፊውንም ይጎዳል። ግን እሱ ክፉም ቢሆን መላ አለው። እሷ ያላት መላ መጠማት ነው።

መጠማት ደግሞ ዋጋ አለው። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንዱ ወደ 20 ይደርሳል። ስለዚህ ጀርሙ ወደ ፊኛ ለመግባት በሴቷ በኩል የሚሄደው መንገድ አጭር ነው። በዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ መዋልና የመጣን ሽንት አፍኖ መያዝ ሲጨመርበት፣ በበዓሉ ማግስት ሽንት የሚያቃጥላት ሴት ብዙ ናት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሕመሙ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። እናቴ ዕድሜ ልኳን «በረደኝ» እያለች የምትጠራው የጥር ሕመም ብርድ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ኧረ አሁንስ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ይቆማል» ትሉኝ ይሆናል። ይቆማል፤ ልክ ነው። ለሴት አምስት፣ ለወንድ አምስት ተብሎ ይቆማል፤ አዘጋጁም እኩል ሰጠሁ ብሎ ልቡ ያርፋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሴቶቹ በር ላይ ሰልፍ ይሠራል፣ የወንዶቹ በር ባዶውን ይውላል፤ ከዚያ «ሴት ገብታ አትወጣም» የሚባል ወሬ ይመጣል።

እስቲ ገብታ የምትሠራውን አብረን እንቁጠረው። በሩን ትዘጋለች፤ መሸጎሪያው ካልያዘ በእጇ ትይዘዋለች። ነጠላዋን ታወርዳለች፣ ቦርሳዋን የምታንጠለጥልበት ትፈልጋለች። ልጅ ይዛ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተናገደው ልጁ ነው። የወር አበባዋ ላይ ከሆነች ሞዴስ መቀየር አለ፣ የተጠቀመችበትን የምትጥልበት መፈለግ አለ። የሐበሻ ቀሚስ ከለበሰች ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እስከ እግር ጥፍር የሚወርድ ነጭ ልብስ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው። አንዱ እጅ ቀሚሱን ይሰበስባል፣ ሌላው ነጠላውን ይይዛል፣ በሩን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም። ያንን ጥልፍ ስንት ወር የተለፋበትን፣ ስንት ብር የወጣበትን፣ ለታቦት ክብር ተብሎ የተለበሰውን ልብስ ከዚያ ወለል ለማዳን የምትጠፋውን ደቂቃ መዘግየት ብለን መጥራታችን ያሳዝነኛል።

በ2017 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህንን ወረፋ በሒሳብ ሠርተው አሳይተዋል። ለሁለቱ ጾታዎች ተመሳሳይ ስፋት ያለው ቦታ ተሰጥቶ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ሴቷ ከ6 ደቂቃ በላይ ትቆማለች፤ ወንዱ 11 ሰከንድ ያህል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴቷ ውስጥ የምትቆይበት ጊዜ ከወንዱ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ የቁም መሽኛ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ፣ በዚያው ስፋት ለወንድ የሚተርፈው ቁጥር ይበልጣል። ቦታውን እኩል ስታካፍል አገልግሎቱን አበላልጠህ ሰጠህ ማለት ነው።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በካሊፎርኒያ አርት ቶረስ የሚባሉ የምክር ቤት ሰው ነበሩ። ከቤተሰባቸው ጋር ሆሊውድ ቦውል ወደሚባለው ጣሪያ የሌለው የሙዚቃ መድረክ የቻይኮቭስኪን ሙዚቃ ሊሰሙ ይሄዳሉ። ሚስታቸውና ልጃቸው ወደ መጸዳጃ ሄደው ይቀሩባቸዋል፤ እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በመጠበቃቸው አዩት። ብዙ ሕዝብ የሚያስተናግዱ አዳዲስ ሥፍራዎች ለሴቶች በቂ መጸዳጃ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ አረቀቁ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ኒው ዮርክ ከተማም በ2005 ለወንድ አንድ ከሆነ ለሴት ሁለት የሚል ሕግ አወጣች። እኔን የሚገርመኝ ከሕጉ ይልቅ የሰውየው ነገር ነው። ስንቱ ባል፣ ስንቱ አባት ሚስቱንና ልጁን እንደዚያ ቆሞ ጠብቋል፤ እሳቸው ግን ቤታቸው ገብተው አልረሱትም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የኖሩት የዝግጅት ደህንነት መመሪያ ነበር። 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ዝግጅት ለ100 ሴት 1 መጸዳጃ፣ ለ500 ወንድ 1 መጸዳጃና በተጨማሪ ለ150 ወንድ 1 የቁም መሽኛ ይል ነበር። 3,000 ሴትና 3,000 ወንድ ያለበት ሜዳ ይሁን ብላችሁ አስሉት፤ ለሴቶቹ 30፣ ለወንዶቹ 26 ይመጣል። የሴቷን የጊዜ እጥፍ ስታስቡ ይህም አያጠግብም፤ ግን ቢያንስ ስሌቱ የተጀመረው ከሰው ነው። ስንት ሴት ትመጣለች? ስንት ሰዓት ትቆያለች? እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው «ስንት ሳጥን ማግኘት እንችላለን?» ከሚለው ነው።

ከተራ ደግሞ 6 ሰዓት አይደለም። ጥር 10 ከሰዓት ታቦት ይወርዳል፣ ማኅሌት ተቆሞ ይታደራል፣ ሲነጋ ጠበል ይረጫል፤ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በ12 ነው። ጥምቀታችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፣ መስቀል ከእሱ 6 ዓመት ቀድሞ። ዓለም አይቶ ያደነቀው አደባባይ ላይ የሚታየውን ነጭ ባሕር ነው፤ የዚያ ነጭ ባሕር ትልቁ ክፍል ሴት ነው። በወር አበባዋ ምክንያት ቤተ መቅደስ የማትገባዋም በዚህ ቀን ሜዳው ላይ ናት፤ መጸዳጃው በጣም የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

20 ሺህ ሴት በምትገኝበት ሜዳ በዚያ በእንግሊዞቹ ሒሳብ 200 መጸዳጃ ይፈለጋል። ያስደነግጣል አይደል? እኔም ደንግጬ ነበር፣ የህንዶቹን እስክሰማ። በ2019 እ.ኤ.አ. በፕራያግራጅ ለኩምብ ሜላ፣ በወንዞች መገናኛ ለሚደረገው ታላቅ የጥምቀት በዓላቸው፣ ከ120 ሺህ በላይ ጊዜያዊ መጸዳጃ ነበር ያቆሙት። ሀብታም ሀገር ሆነው አይደለም። ንጽሕናውን የበዓሉ አካል አድርገው ስለቆጠሩት ነው።

በዴንማርክና በእንግሊዝ ደግሞ ለሙዚቃ ፌስቲቫል ሴቶች ሳይቀመጡ፣ በር ሳይከፍቱ ቶሎ የሚጠቀሙበት የሴት መሽኛ ፈጥረዋል። ዴንማርክ ላፒ የሚሉት አለ፣ የብሪስቶል ሁለት ወጣት ሴቶች ፒኳል የሚሉትን ሠርተዋል። ወረፋ እንደሚያቀል አምናለሁ። እንዳለ ይምጣልን ግን አልልም፤ ቁጢጥ ማለቱ ለእኛ አዲስ ባይሆንም፣ ከላይ ክፍት የሆነ ነገር ላይ እናቴን ነይ ብላት አትመጣም። ለእሷ እስከ ላይ የተከለለ ይፈለጋል።

አሁን ወደ አንድ ጊቢ ልውሰዳችሁ። በዚያው እናቴ ውሃ እምቢ ባለችበት ምሽት፣ ከሜዳው ጥግ አንድ የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሎ ሴቶች ሲገቡ ሲወጡ አየሁ። ተከተልኩ። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ ያለው ሽንት ቤታቸው ደጃፍ አምፖል በርቷል፣ ጀሪካን ሞልቶ ተቀምጧል፣ የልጅ ልጃቸው ሶፍት ይዛ ቆማለች። በበሩ ጀርባ ሦስት ትልልቅ ሚስማር ተመትቷል፤ ነጠላውም ቦርሳውም እዚያ ይሰቀላል። ከሥር ክዳን ያለው ባልዲ አለ። እርጉዝና አሮጊት ሰልፍ አይጠብቅም፤ ልጅቷ «እማማ ይለፉ» እያለች ታስገባለች። ሳንቲም ላወጣ ብል እትዬ ተቆጡኝ። «ለታቦት እንግዳ ነው የከፈትኩት» አሉኝ። እናቴን አመጣኋት። ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ውሃዋን ነው፤ ጠርሙሱን ቆማ ጨረሰችው።

ከዚያ ጊቢ ያላየሁት ምን ቀረ? ብርሃን አለ፣ ውሃ አለ፣ መሸጎሪያ አለ፣ መስቀያ አለ፣ የሞዴስ መጣያ አለ፣ በር ላይ የቆመች ሴት አለች። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች፤ በር ላይ ሴት ስትቆም ሌላዋ ሴት በጨለማም ቢሆን አትፈራም። ብዙ ጊዜ መጸዳጃው የሚቆመው ከሜዳው ዳር፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሰው ከማያይበት ነው። ለአዘጋጁ ዓይን ሥፍራው ደስ ይላል፤ ለሴት ልጅ ግን ከሽንቱ ይልቅ መንገዱ ያስፈራታል።

ሥራውን የሚችል ሰው ደግሞ አለን። በየዓመቱ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ እያነሱ የሚያነጥፉትን፣ አስፋልት የሚያጥቡትን ወጣቶች አይታችኋል። ማንም አልከፈላቸውም፤ ከሳምንታት በፊት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ተረኛ ይደለድላሉ። ከመካከላቸው አሥር ሴት ልጆች የመጸዳጃውን ነገር ቢይዙ፣ የት እንደሚቆም እነሱ ቢመርጡ ሜዳው ሌላ መልክ ይኖረዋል። የሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሆን ደግሞ የወንዶች የሚለውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍኖ ሁሉንም ለሴት መክፈት የአንድ ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

እኔ ከእድራችን ልጀምር አስቤያለሁ። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ አለን፣ ድስት አለን፤ ለለቅሶ ሦስት መቶ ሰው ሦስት ቀን ስናስቀምጥ የባለቤቱን አንድ ሽንት ቤት ነው የምናጨናንቀው፣ ወጥ ቤት የሚያድሩት ሴቶች እንዴት እንደሚሆኑ ማንም አይጠይቅም። በሚመጣው እሑድ ስብሰባ ላይ ሁለት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ እንግዛ፣ ለለቅሶም ለሠርግም ይዋል፣ ከተራ ሲደርስ ወደ ሜዳው ይውረድ እላለሁ። ገንዘብ ያዣችን ማን ያጸዳዋል ማለታቸው አይቀርም። የምታጸዳ ሴት አነጋግሬያለሁ፤ ለቀኑ የጠየቀችውን ተናግራለች፣ ጓንትና ቦት ጫማም ይገዛልኝ ብላለች። የመጀመሪያውን ዓመት የእሷን ክፍያ ከአሁኑ ለብቻ አስቀምጫለሁ።