ድምፁ የማን ነው?

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር በተነሣ ቁጥር ወዳጆቼ በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን ይህ መሣሪያ የክራርንና የመሰንቆን ድምፅ ያፈነ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጯኺ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ይልቁንም ወጣቱ፣ ጥሩ ጊታርና ጥሩ ማጉያ ያላገኘ ሰው ጥሩ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም ብሎ ያምናል፤ ስለዚህም ከመለማመድ ይልቅ የዕቃ ዋጋ ሲጠያይቅ ይውላል። ሁለቱ ወገኖች የማይታረቁ ይመስላሉ። ዳሩ ግን አንድ እምነት ይጋራሉ፤ ይኸውም ድምፁ የመሣሪያው ነው የሚል ነው። እኔ የግጥምና የተውኔት ሰው እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሆኖም ለተውኔቶቼ ሙዚቃ ሲዘጋጅ ከጊታር ተጫዋቾች ጎን ተቀምጬ ብዙ የልምምድ ምሽት አሳልፌአለሁና፣ በዚህ እምነት ላይ የምለው አለኝ።

ከአሠራሩ እንጀምር። ክራር ድምፁን የሚያገኘው ከሆዱ ነው፤ ክሩ ሲመታ በሆዱ ላይ የተወጠረው ቆዳ አብሮ ይርገበገባል፣ አየሩንም ያነቃንቃል። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆድ የለውም፤ ድፍን እንጨት ነው። በክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚባል ዕቃ ተቀምጧል፤ ይህም ማግኔትና በዙሪያው ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር በማግኔቱ ፊት ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱም በገመድ ተጉዞ ማጉያው ዘንድ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ቀደምት ጊታሮች በይበልጥ የሚጠቀሰው ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በአሜሪካ የሠሩትና በ1932 ለገበያ ያቀረቡት ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ለፈጠራው ያስገደደው ምክንያት ቀላል ነበር፤ በትልልቆቹ ባንዶች ውስጥ የጊታር ድምፅ በትንፋሽ መሣሪያዎች ይዋጥ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሊዮ ፌንደር በ1950 ድፍን እንጨት ጊታሩን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን አወጣ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1952 በሌስ ፖል ስም የተጠራውን አስከተለ።

ይሁን እንጂ ያ ቀጭን ሽቦ የሚሰማው ክሩን ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ያለውን የመብራት ኃይል ሁሉ ይሰማል። የእኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ስለዚህ ባለ አንድ ጥምጥም ፒካፕ ያለው ጊታር ሳይመታም ያጉረመርማል። ይህን የቲያትር ሰው በሚገባ ያውቀዋል፤ የመድረኩ መብራት ቀስ እያለ ሲደበዝዝ፣ ጸጥታ እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያች ቅጽበት፣ ከጊታሩ ማጉያ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ይነሣል። የጊብሰን ባልደረባ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ለዚህ መላ አበጀለት፤ ሁለት ጥምጥሞችን አንዱን ከአንዱ አቃርኖ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ጉርምርምታው እርስ በርሱ እንዲጣፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር አደረገ። ዳሩ ግን ከጉርምርምታው ጋር ከድምፁ ስለት ጥቂቱ አብሮ ሄደ። የፌንደር ድምፅ የጠራና የሚወጋ፣ የጊብሰን ደግሞ ወፈር ያለና ለስላሳ ነው የሚባለው አንድም በዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ በዕቃ ምርጫ አንዱን የሚያገኝ ሌላውን ያጣል፤ ሁሉን የሚሰጥ ጊታር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ግን ዲስቶርሽን የሚባለው ሻካራ ድምፅ ነው። የድሮዎቹ ማጉያዎች የሚሠሩት በቫልቭ ነበር። ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ በዚህም ምክንያት በዋናው ድምፅ ላይ ቀድሞ ያልነበሩ ተደራቢ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ቶሎም አይሞትም። መሐንዲሶች እንደ ጉድለት የቆጠሩትን ይህን ነገር ተጫዋቾች ወደዱት። ሊንክ ሬይ በ1958 ለወጣው «ራምብል» የስፒከሩን ወረቀት በሳው፤ የኪንክሱ ዴቭ ዴቪስ ደግሞ ባንዱ በ1964 ላወጣው ዘፈን የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ተለተለው።

ከእኛ ዘንድ ይህን ድምፅ «የተበላሸ» የሚለው ብዙ ነው። ነገር ግን በገናን እናስታውስ። በበገና አውታሮችና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ቆዳ ባይኖር የበገና ድምፅ የጠራ በሆነ ነበር፤ ያ አጥንት ውስጥ የሚገባው ንዝረት ግን ባልኖረ ነበር። ስለዚህ የቀደሙት ሠሪዎች የጠራውን ድምፅ ዐውቀው አሻክረውታል ማለት ነው። ይህን ስል በገናና ዲስቶርሽን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ለምስጋናና ለተመስጦ፣ ሌላው ለጭፈራ አዳራሽ የተወለደ ነው። ለሻካራ ድምፅ ያለን ጆሮ ግን ከውጭ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ እጅ ልምጣ። በአንድ ጊታርና በአንድ ማጉያ ሁለት ሰዎችን በየተራ አጫውቱ፤ ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ። ክሩን ከድልድዩ አጠገብ የሚመታ ስለታም ድምፅ ያገኛል፤ ወደ አንገቱ ጠጋ ብሎ የሚመታ ክብ ድምፅ ያገኛል። የመዳፉን ጠርዝ በክሩ ላይ ጣል የሚያደርግ ድምፁን ያፍነዋል፤ ፒኩን ትቶ በአውራ ጣቱ ሥጋ የሚመታ ያለሰልሰዋል። በጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ መጠን ቁልፍ ጥቂት መለስ ያደረገ ሰው የሻከረው ቫልቭ ተመልሶ ሲጠራ ይሰማል፤ ይህች ትንሽ ቁልፍ ብዙ ውድ ዕቃ ትተካለች። በ2015 ያረፈው ቢ.ቢ. ኪንግ ዘመዱ ቡካ ዋይት በክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ የሚያወጣው ድምፅ አልሆንልህ ቢለው ያንኑ በጣቱ ሲፈልግ ኖረ፤ ዓለም የሚያውቀው የድምፁ ርግብግብታም ከዚያ ተወለደ። ደግሞም ሲዘፍን ጊታሩን ዝም ያሰኛል፤ እርሱ ሲያበቃ ጊታሩ ይመልስለታል። መሰንቆውን እያናገረ የሚያንጎራጉር አዝማሪን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በእኔ ሙያ ይህ ቃለ ተውኔት ነው።

ወደ ቅኝታችን ስንመለስ የእጁ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። የጊታር አንገት በፍሬት የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ተመትሯል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ የሚሄደው ትዝታ ብዙ ሳይቸገር ይገባበታል። አንቺሆዬ ግን በክራር እንደሚቃኘው ሲሰማ አንዳንዱ ድምፁ በሁለት ፍሬቶች መካከል ይወድቃል። መውጫው ጣት ነው፤ ክሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ድምፁን ከፍሬቱ በላይ ማንሣት። የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚነግረው ጆሮው ነው፤ ጆሮውም የሚማረው ከዘፋኙና ከክራሩ ነው። በ1972 በኒው ዮርክ የተቀረጸውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ያዳመጠ ሰው፣ ዋህ-ዋህ የሚባለው የእግር መርገጫ እንደ ሰው አፍ እየተከፈተና እየተዘጋ ከቅኝታችን ጋር ሲጣጣም ይሰማል። መርገጫው በአሜሪካ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍኩት አንድ ተውኔት ውስጥ ልጇን የቀበረች እናት ብቻዋን የምትቀርበት ትዕይንት ነበር። በጽሑፉ ላይ «በገና ይሰማል» የሚል መመሪያ ሰፍሯል። በልምምድ ላይ በዕድሜ የገፉ አንድ ተዋናይ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ በገና የጸሎት ዕቃ ነው፤ ለትዕይንት ማድመቂያ አይቆምም» አሉኝ። ክርክሩ ምሽቱን ሙሉ ዘለቀ። አዘጋጁ ጊታር ተጫዋቹ የበገናን ድምፅ አስመስሎ እንዲያወጣ ሐሳብ አቀረበ። ወጣቱ ግን አልተቀበለም። «ጋሼ፣ በገናን ካስመሰልኩ በገናውንም ጊታሩንም እዋሻለሁ። የራሴን ልሞክር» አለኝ።

የነበረው ርካሽ ጊታርና ተደጋግሞ የተጠገነ ማጉያ ብቻ ነው። ወፍራሙን ክር ጥቂት አላላው፤ ፒኩን በኪሱ ከተተ፤ ማጉያውን ሊሻክር ጫፍ ላይ አደረሰና በአውራ ጣቱ አንዲት ድምፅ ብቻ መታ። ድምፁ እስኪሞት ጠበቀ። መብራቱ ሲደበዝዝ ጉርምርምታው እንዳይነሣ በትንሿ ጣቱ ቁልፉን ዘጋ፤ ቆይቶም ያንኑ ድምፅ ደገመ። ተዋናይቱ በሁለቱ ድምፆች መካከል በነበረው ጸጥታ ውስጥ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም በዚያው ምሽት ከትዕይንቱ አራት ስንኞች ሰረዝኩ፤ የሚሉት ሁሉ ተብሎ ነበርና። አዛውንቱ ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም፤ በማግሥቱ ግን ወደ ወጣቱ ቀርበው፣ «ይኼ ያንተ ነው፤ ይሁን» አሉት።

ዛሬ የዝነኞቹ ማጉያዎች ድምፅ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ሳይቀር ተመስሎ ይገኛል። ዕቃው በቀረበ መጠን የዕቃው ሰበብ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ለሙዚቃ መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ተማሪው ስለ ፒካፕና ስለ መርገጫ ከመጠየቁ በፊት አንዲት የትዝታ ሐረግ በአፉ ይዝፈን፤ ቀጥሎም ያችኑ በአንድ ክር ላይ በአሥር ዓይነት አመታት ይጫወታት። ስለ ክራር ለሚሰጉትም የምለው አለኝ፤ ክራርም ዛሬ ፒካፕ ተገጥሞለት መድረክ ላይ ይቆማል። ክራርን የሚያጠፋው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ክራሩን ሳይሰማ ያደገ እጅ ነው። ያ እጅ ጊታር ቢይዝም የሚለው ነገር አይኖረውም።